የልጆቻችንን ጆሮ የሚከታተል ባለሙያ ይመደብልን፦ ከሰሜን ሸዋ ወላጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሚመለከታችሁ የጤና አገልግሎት ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ በየወረዳው ላላችሁ የትምህርት ኃላፊዎችና ለሰሜን ሸዋ ሕዝብ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በደብረ ብርሃን፣ በመንዝ፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በምንጃር የምንኖር አሥራ አንድ ቤተሰቦች ነን። ልጆቻችን መስማት ተስኗቸው ኮክሌር ኢምፕላንት፣ ማለትም በቀዶ ሕክምና የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ፣ የተተከለላቸው ናቸው። እኔ ጸሐፊዋ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ልጄ ዘንድሮ ስምንት ዓመት ሞልቶታል።

ለመጻፍ ያነሳሳን ባለፈው ጥር የደረሰን የአንድ ገጽ መልስ ነው። በየሦስት ወሩ ደብረ ብርሃን እየመጣ የልጆቻችንን መሣሪያ የሚያስተካክል ባለሙያ ነበረን። ካለፈው ዓመት ወዲህ መምጣቱ ቀረ። ለምን ብለን ጠየቅን፣ ማመልከቻ አስገባን፣ ተመላለስን። ከአምስት ወር በኋላ ያገኘነው መልስ፣ መሣሪያው የሰውን አቅም የሚያጎለብት የላቀ ቴክኖሎጂ ስለሆነ ከመሠረታዊ የጤና አገልግሎት ውስጥ አይገባም የሚል ነው።

«ማጎልበት» የምትለዋ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ደብዳቤውን ለባለቤቴ ሳነብለት ልጃችን አጠገባችን ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ ባትሪ ይቀይር ነበር። ክዳኑን በጥፍሩ ከፈተ። ያለቁትን ሁለት ትንንሽ ባትሪዎች አወጣ። የአዲሶቹን ተለጣፊ ልጦ፣ አየር እንዲያገኙ ትንሽ ጠብቆ፣ አስገባቸው። መሣሪያውን ጆሮው ላይ አንጠለጠለ፣ ክቧን ማግኔት ጭንቅላቱ ላይ ለጠፈ። ከዚያ ቀና ብሎ «እማዬ፣ ምን አልሽ?» አለኝ።

እዚህ ቤት ውስጥ መሣሪያው የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። ልጁ እናቱ ምን እንዳለች እንዲጠይቅ ያደርገዋል።

ስለ መሣሪያው ትንሽ ልበል፤ መልሱን የጻፈው ሰው አይቶት የሚያውቅ አይመስለኝምና። ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለው ክፍል ድምፅ ይቀበልና ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይቀይራል። በማግኔት የሚለጠፈው ክብ ነገር ምልክቱን ከቆዳ በታች ወዳለው ተቀባይ ያስተላልፋል። ከተቀባዩ የሚነሳ ቀጭን ሽቦ ቀንድ አውጣ የሚመስለው የውስጥ ጆሮ ውስጥ ይገባል፤ የመስማት ነርቩንም በቀጥታ ይቀሰቅሳል። መስማት ለደከማቸው ሰዎች የሚሰጠው ተራው የመስሚያ መሣሪያ ድምፅ ያጎላል እንጂ ይህን አያደርግም። ጤነኛ የውስጥ ጆሮ ድምፅን ለነርቭ የሚያቀብሉ 3,500 ያህል ሕዋሳት አሉት። የልጆቻችን ሽቦዎች ላይ ያሉት የኤሌክትሪክ ነጥቦች እንደ መሣሪያው ዓይነት ከ12 እስከ 22 ናቸው። ልጆቻችን የሚሰሙት ከእናንተ በጣም ያነሰ ነው። በዚያች ትንሽ ነገር ነው ቋንቋ የተማሩት።

አዲስ ነገርም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለአዋቂዎች የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1984፣ ለልጆች ደግሞ በ1990 ነው። ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። እስካሁን በዓለም ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተተክሏል። ደግሞስ ሰው ሰውነት ውስጥ መሣሪያ ማስገባት ለእኛ አገር እንግዳ ነው? እናቴ የዓይን ሞራዋ ተገፎ ሰው ሠራሽ ሌንስ ገብቶላታል። ያውም እዚሁ፣ ብዙ ሳትንገላታ። አሁን የዳዊቷን ፊደል ራሷ ታነባለች። አቅሟ ጎለበተ ብሎ ከአገልግሎት ያስወጣት የለም። ለዓይን ሕክምና የሆነው ለጆሮ ቅንጦት የሚሆንበት ምክንያት አልገባንም።

አሁን ወደ በደላችን ልግባ።

የመጀመሪያው የክትትል መቋረጥ ነው። ቀዶ ሕክምናው ተሠርቶ የሚያልቀው በአንድ ቀን ነው። መሣሪያው የሚከፈተው ቁስሉ ከዳነ በኋላ፣ ከሳምንታት ቆይታ በኋላ ነው። ከዚያ ባለሙያው በኮምፒውተር እያንዳንዱን የኤሌክትሪክ ነጥብ ለልጁ ነርቭ ይለካዋል፤ የትኛው ድምፅ ይሰማል፣ የትኛው ይበዛል ብሎ። ማፒንግ ይሉታል። ልጅ ሲያድግ ልኩ ይቀየራል። ስለዚህ እንደገና መለካት አለበት፤ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ በኋላ እየራቀ፣ ግን ዕድሜ ልክ።

መንዝ የምትኖር ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ አለች። ከተለካላት አሥራ አራት ወር ሆኗታል። አባቷ እንደነገረኝ የድስት ክዳን ሲወድቅ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ትጭንና ማግኔቱን መንጭቃ ትጥለዋለች። የሰው ድምፅ ሲሆን ደግሞ ሩቅ ይሆንባታል። ከመሐል ሜዳ ተነስተው፣ መንገዱ የሚከፈትበትን ቀን ጠብቀው፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት አውቶቡስ ይዘው አዲስ አበባ ሄዱ። ዘመድ ቤት አደሩ። በማግስቱ የመለኪያው ኮምፒውተር ተበላሽቷል፣ በሌላ ቀጠሮ ኑ ተባሉ። ለትራንስፖርቱ ሁለት በግ ሸጠዋል። አሁን ልጅቷ መሣሪያውን ማድረግ ጭራሽ እንቢ ብላለች። ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል።

ባለሙያው በየሦስት ወሩ አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ቢመጣ ኖሮ ይህች ልጅ ዛሬ ትሰማ ነበር። የሚያስፈልገው አንድ ሰው፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ነው።

ሁለተኛው የመለዋወጫ ነገር ነው። ከመሣሪያው ሁሉ ቶሎ የሚበጠሰው ከማግኔቱ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ነው። ስንዝር አይሞላም። ልጅ ይስበዋል፣ ጋቢ ይይዘዋል፣ ሹራብ ሲያወልቅ ይበጠሳል። ማግኔቱም ይጠፋል። እኛ ቤት አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ፈልገን በመጨረሻ የብረት አልጋው እግር ላይ ተለጥፎ አገኘነው። የደብረ ሲናው ልጅ ገመድ ተበጥሶበት አራት ወር ያለ ድምፅ ተቀመጠ። ውጭ ያለች አክስቱ ገዝታ ላከች። ዕቃው እንዳይለቀቅ ተያዘ። የሕክምና ዕቃ መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ አምጡ ተባሉ። ደብዳቤውን የሚጽፍ ጠፋ፤ አንዱ ክፍል ወደ ሌላው፣ ሌላው ወደ አንዱ ይመራቸዋል። በእነዚያ አራት ወራት ልጁ ይላቸው የነበሩትን ቃላት ተወ። ውሃ ሲፈልግ ወደ ጀሪካኑ መጠቆም ጀመረ። እናቱ ይህን ስትነግረን አለቀሰች፤ እኛም አብረናት አለቀስን።

ስለ ባትሪም አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ትንንሽ ባትሪዎች ከአየር ጋር ተገናኝተው የሚሠሩ ናቸው። ብርድና ደረቅ አየር አቅማቸውን ይቀንሰዋል። የደብረ ብርሃንን የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የሚሞላው ባትሪ ደግሞ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት በጠፋ ማግስት ልጆቻችን ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት ሳይሰሙ ነው። የጤና መድን መዋጯችንን በየዓመቱ እንከፍላለን። ካርዳችሁ ለዚህ አይሠራም ተብለናል።

ሦስተኛውን የምጽፈው እጄ እየከበደኝ ነው። የራሴ ልጅ ታሪክ ነውና።

ልጄ ሲወለድ ይሰማ ነበር። የአንድ ዓመት ከሦስት ወር ልጅ ሳለ ማጅራት ገትር ያዘው። አሥራ ሁለት ቀን ተኛ። ሐኪሞቹ ሕይወቱን አተረፉልኝ፤ ይህን መቼም አልረሳም። ስንወጣ ድኗል፣ ይዛችሁት ግቡ አሉን። ጆሮውን አስመርምሩ ያለን ግን አልነበረም። ወረቀቱ ላይም አልተጻፈም።

ጥምቀት ደረሰ። ታቦት ለማንገሥ አዝዬው ወጣሁ። ከበሮው አጠገባችን ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል፤ እሱ ጀርባዬ ላይ እንቅልፉን ይለጥጣል። አንዲት ሴትዮ «እንዴት ያለ የዋህ ልጅ ነው!» አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ። ያን ቀን ሳስታውስ አሁንም ይጨንቀኛል።

ጆሮው የተመረመረው ከሕመሙ አሥር ወር በኋላ ነው፤ ያውም እኔ ጠርጥሬ፣ ለምኜ። የአንገት በላይ ሐኪሙ የራጁን ምስል እያሳየ አስረዳን። ከማጅራት ገትር በኋላ የውስጥ ጆሮ ውስጡ አጥንት እየሆነ ሊሞላ ይችላል። አንዳንዴ በሳምንታት ውስጥ ይጀምራል። አጥንት ከሞላው ሽቦ ማስገባት ይከብዳል። የልጄ ቀኝ ጆሮ ሙሉ በሙሉ ተደፍኗል። በግራው ሽቦው የገባው በከፊል ነው። ቶሎ ብትመጡ ኖሮ ምናልባት ሁለቱንም እንሞክር ነበር አለን።

ለዚያ ለአንዱ ጆሮ ሕንድ ድረስ ሄደናል። የባለቤቴ ወንድሞች በሬ ሸጡ፣ የእኔ እቁብ ወጣ፣ ዕድራችን አዋጣ፣ የማናውቃቸው ሰዎች ላኩልን። እግዚአብሔር ይስጣቸው። በአንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ይቸገራል። ቤታችን ከአዲስ አበባ ደሴ አስፋልት ወዲያ ማዶ ነው። ልጄ የከባድ መኪና ጥሩምባ ይሰማል፤ ከግራ ይሁን ከቀኝ ግን አይለይም። ስምንት ዓመት ሞልቶትም እጁን ይዤ ነው የማሻግረው።

አገራችን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት። ሕመሙ እዚህ የሚታወቅ ሕመም ነው። ከሕመሙ የዳነን ልጅ ጆሮ መመርመር ታዲያ እንዴት ይዘነጋል? ሕይወት የሚያተርፉ፣ ግን የጆሮን ሕዋስ የሚጎዱ መድኃኒቶችም አሉ፤ ጄንታማይሲን አንዱ ነው። አይሰጡ አንልም። የተሰጣቸው ልጆች ይታዩ ነው የምንለው። የዓለም ጤና ድርጅት በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ ያህሉን መከላከል ይቻላል ይላል። ይህ ሥራ ሽቦም ቀዶ ሕክምናም አይጠይቅም።

የትምህርት ቤቱን በአጭሩ ልለፈው። አንዱ ልጃችን ትምህርት በተጀመረ በሳምንቱ አስተማሪው ኢርፎን መስሎት መሣሪያውን አስወልቆ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ልጁ ምን እየተባለ እንደሆነ እንኳ አልሰማም፤ ጆሮው መሳቢያ ውስጥ ነበር። አስተማሪው በኋላ ሲረዳ በጣም አዘነ። እኔም አስተማሪ ነኝ፤ የራሴ ልጅ ባይሆን ኖሮ አላውቀውም ነበር። ስህተቱ ማንም አስቀድሞ ስላልነገረን የመጣ ነው።

የምልክት ቋንቋን በተመለከተ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኛ ይህን መሣሪያ የመረጥን ወላጆች ነን። መስማት ከተሳናቸው ወገኖቻችን መካከል ይህን የማይፈልጉ፣ በምልክት ቋንቋቸው ሙሉ ኑሮ የሚኖሩ አሉ። ምርጫቸው የተከበረ ነው። ልጆቻችንም ሲታጠቡ፣ ሲተኙ፣ ባትሪ ሲያልቅ መስማት የተሳናቸው ናቸው። ሁለቱንም ይማሩ። መሣሪያ አለው ተብሎ የምልክት ቋንቋ የተከለከለ ልጅ፣ መሣሪያው ሲበላሽ ያለ ምንም ቋንቋ ይቀራል።

ወደ «ማጎልበት» ልመለስ። የሰፈር ልጆች ልጄን «ሮቦቱ» ይሉታል። እሱ አይከፋውም። መሣሪያውን በብሉቱዝ ከስልኬ ጋር አገናኝቶ ተረት ሲያዳምጥ ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው፤ ተረቱ እሱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ማታ ያወልቀውና ውሻ ቢጮህ ጅብ ቢጮህ ሳይሰማ ይተኛል። ጎረቤቶች ከእኛ በለጠ ሲሉ ሰምቻለሁ። አልፈርድባቸውም። ያው ልጅ ግን ስልሳ ተማሪ ሲንጫጫ የአስተማሪውን ድምፅ መለየት ያቅተዋል። ማታ ደክሞት ምሳ ዕቃውን ሳያስቀምጥ ይተኛል። ቀኑን ሙሉ ሲያዳምጥ መዋል ለእሱ ሥራ ነው።

ሰውን ስለማጎልበት የሚነሳው ክርክር እውነተኛ ክርክር ነው። ኒውራሊንክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከትከሻው በታች ሰውነቱ በማይታዘዝለት ወጣት አእምሮ ውስጥ መሣሪያ ተክሎ፣ ወጣቱ የኮምፒውተሩን ጠቋሚ በሐሳቡ ማንቀሳቀስ ችሏል። አንድ ቀን ጤነኛ ሰውም ያስተክል ይሆናል። ያን ጊዜ ማን ያገኛል፣ ማን ይከፍላል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የደብረ ሲናው ልጅ ገመድ ግን ያ ክርክር እስኪያልቅ መጠበቅ አይችልም። የልጅ አእምሮ ቋንቋን በቀላሉ የሚይዝበት ዕድሜ አጭር ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካለፉ ያው መሣሪያ ያንኑ ውጤት አይሰጥም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈራን ሌላ ነገር አለ። ሰከንድ ሳይት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ዓይነ ሥውራን ብርሃንና ቅርጽ እንዲለዩ የሚያደርግ፣ ዓይን ውስጥ የሚተከል መሣሪያ ሠርቶ ነበር። አርገስ ሁለት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2011 አውሮፓ፣ በ2013 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ከ350 በላይ ሰዎች ተተከለላቸው። በ2019 ኩባንያው ማምረቱን አቆመ፤ በቀጣዩ ዓመት አብዛኛውን ሠራተኛ አሰናበተ። ሰዎቹ መሣሪያው ዓይናቸው ውስጥ እያለ የሚጠግንላቸው አጡ። አንዳንዶቹ እንደገና ጨለማ ውስጥ ገቡ። የሀብታም አገር ሰዎች ናቸው። የእኛን ልጆች መሣሪያ የሚሠሩት ኩባንያዎች አልተዘጉም፣ መለዋወጫውም ይመረታል። እኛን የተወን አገልግሎቱ ነው። ለልጁ ግን ልዩነት የለውም፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ነገር ዝም ብሏል።

የምንጠይቀው ከሕግ ውጪ የሆነ ነገር አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ይላል። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 26 አጋዥ መሣሪያዎች እንዲገኙና ሰዎች እንዲጠቀሙባቸው ማድረግ የመንግሥት ግዴታ እንደሆነ ያስቀምጣል። አቅም በፈቀደ መጠን የሚለውን አንብበናል። ስለዚህ የምንጠይቀው አቅም የሚፈቅደውን ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄያችን በየሦስት ወሩ የነበረው የክትትል ቀን ደብረ ብርሃን ላይ እንዲመለስ ነው። ባለሙያው የሚመጣበት ቀን አስቀድሞ ይነገረን። እስከዚያው ድረስ አሁን መሣሪያቸውን ማድረግ ላቆሙት ሦስት ልጆች፣ በተለይ ለመንዟ ልጅ፣ አንድ አስቸኳይ ቀጠሮ ይያዝላቸው። ኮምፒውተሩ መሥራቱ ተረጋግጦ።

ከማጅራት ገትር የዳነ ልጅ ሁሉ ከመውጣቱ በፊት ወይም በሳምንታት ውስጥ የመስማት ምርመራ ይደረግለት። ይህ በመውጫ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ጆሮው ተጎድቶ ከተገኘ ሪፈሩ እንደ ተራ ቀጠሮ ሳይሆን እንደ አስቸኳይ ይታይ። ከጥያቄዎቻችን አንዱን ብቻ ምረጡ ብትሉን ይህን እንመርጣለን። ለእኛ ልጆች አይደርስም፤ ለሚመጡት ይደርሳል።

ከውጭ ለሚላክ ገመድ፣ ባትሪና ማግኔት የሕክምና ዕቃ መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ የሚጽፍ አንድ ክፍል ይሰየም። ክፍሉ የት እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደሚጽፍ በጽሑፍ ይገለጽልን። በጤና መድኑ ውስጥ ባትሪና ገመድ ሊካተቱ የሚችሉበት መንገድ ካለም ከእኛ ጋር ተነጋገሩ።

የትምህርት ኃላፊዎች፣ በየዓመቱ መስከረም ላይ እንዲህ ያሉ ልጆች ላሉባቸው ትምህርት ቤቶች የግማሽ ቀን ገለጻ ይሰጥ። ገለጻውን እኔና ሌሎች ወላጆች ያለ ክፍያ እናዘጋጃለን። ልጆቹ ፊት ወንበር ይቀመጡ፤ የምልክት ቋንቋ የሚማሩበትም መንገድ ይመቻች።

በመጨረሻም በጥር የደረሰን መልስ ይነሣልን። መሣሪያው የጠፋን የመስማት ስሜት የሚመልስ ሕክምና መሆኑ በጽሑፍ ይታወቅልን። ሌላ ቦታ ስንሄድ ያ ወረቀት ቀድሞን እየደረሰ በር እያዘጋብን ነው።

ልጆቻችንን ይዘን በምትጠሩን ቀን እንመጣለን። መልሳችሁን በአንድ ወር ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በሰሜን ሸዋ ኮክሌር ኢምፕላንት የተተከለላቸው ልጆች ወላጆች
በወላጆቹ ስም፦ አንዲት አስተማሪና የስምንት ዓመት ልጅ እናት
ደብረ ብርሃን